ኢንቨርተር በሌለው ጋቢና በርካሽ መብላት፦ ለከባድ መኪና ሹፌሮች ዝርዝር መመሪያ

መንገድ ላይ ኪስን የሚያራቁተው የምግቡ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ረሃቡ የሚመጣበት ሰዓትም ነው። አንጀቱ ታጥፎ መኪናውን ያቆመ ሹፌር ዋጋ አያማርጥም፤ ያገኘውን በተጠየቀው ልክ ከፍሎ ይበላል። ይህ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲደጋገም፣ ቤት መግባት የነበረበት ገንዘብ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ግቡ ረሃቡ ከመምጣቱ በፊት ምግቡ ጋቢና ውስጥ ተዘጋጅቶ እንዲጠብቅ ማድረግ ነው።

ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ፣ ስለሌላቸው ብቻ ትኩስ ምግብን የተዉ ብዙ ሹፌሮች አሉ። እስቲ ቁጥሩን እንየው። 1,000 ዋት የሚያወጣ ማይክሮዌቭ የሚስበው ኃይል ወደ 1,500 ዋት ይጠጋል። በ12 ቮልት ባትሪ ሲሰላ ከ120 አምፔር በላይ ነው፤ ወፍራም ገመድ፣ ትልቅ ኢንቨርተርና ጤነኛ ባትሪ ይፈልጋል። እኛ ያለን ክሩስኮቱ ላይ ያለው የሲጋራ መለኮሻ ሶኬት ነው፤ እሱ የሚሰጠው ከ100 እስከ 250 ዋት አካባቢ ነው። ሆኖም ማይክሮዌቭ የተሠራው ለቸኮለ ሰው ነው። ሹፌር ዋት ያንሰዋል እንጂ ሰዓት አያንሰውም። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ይውላል፣ ዲናሞውም ያለማቋረጥ ያመነጫል። በትንሽ ኃይል ለረጅም ሰዓት ማብሰል ከተለመደ ማይክሮዌቭ አይናፍቅም። ከዚህ በታች የማስቀምጠው ሁሉ ከዚህ የተነሣ ነው።

1. ሶኬቱንና ባትሪውን እወቁ

ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት መኪናው 12 ቮልት ይሁን 24 አረጋግጡ። የሰሜን አሜሪካ ከባድ መኪኖች በአብዛኛው 12 ቮልት ናቸው፤ በተቀረው ዓለም ያሉት ግን በአብዛኛው ሁለት ባለ12 ቮልት ባትሪዎች ተያይዘው 24 ቮልት የሚሰጡ ናቸው። ልዩነቱን አትናቁት። ባለ12 ቮልት ማሞቂያ 24 ላይ ቢሰካ ቮልቱ በእጥፍ ሲያድግ አምፔሩም አብሮት በእጥፍ ስለሚያድግ የሚስበው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ፊውዙ ቀድሞ ካላዳነው ዕቃው ይቃጠላል። አንዳንድ ባለ24 መኪኖች ለስልክና ለመሳሰለው የሚሆን ባለ12 ሶኬትም አላቸው፤ እሱ ግን ብዙውን ጊዜ በትንሽ የቮልት መቀነሻ በኩል ስለሚመጣ የማሞቂያ ጉልበት የለውም።

በባለ24 መኪና ላይ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት ጎትቶ የማውጣት ልማድ አለ። ዕቃው ይሠራል፣ ባትሪዎቹ ግን ይጎዳሉ፦ አንዱ ሁልጊዜ ሲጎድል ሌላው ከልኩ በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ዕድሜያቸው ያጥራል። በምግብ የቆጠባችሁትን የባትሪ ግዢ ጠራርጎ እንዳይወስደው ይህን መንገድ ጨርሶ አትሞክሩት።

ቀጥሎ የፊውዝ ሳጥኑን ክፈቱና የሶኬቱን ፊውዝ ቁጥር አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ 10፣ 15 ወይም 20 አምፔር ነው። ቮልቱን በአምፔሩ ማባዛት ነው፦ 12 በ10 ሲባዛ 120 ዋት፣ 12 በ15 180 ዋት፣ 24 በ10 240 ዋት። ከውጤቱ አንድ አምስተኛውን ለመጠባበቂያ ቀንሱለት። ባለ12 ቮልትና ባለ15 አምፔር ሶኬት ያለው ሹፌር 140 ዋት አካባቢ የሚስብ ዕቃ በሰላም ይጠቀማል ማለት ነው።

ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ከፍ ባለ ቁጥር መተካት፣ ወይም በፎይል ጠቅልሎ መመለስ መኪናውን ለእሳት መስጠት ነው። ፊውዙ የተቀመጠው ከክሩስኮቱ ጀርባ ያለውን ቀጭን ገመድ ለመጠበቅ ነው፤ ፊውዙ ካልተቃጠለ ገመዱ ይቀልጣል። አዲስ ዕቃ የሰካችሁ ቀን ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ ቆማችሁ ሳለ፣ መሰኪያውን በእጃችሁ ንኩት። ለብ ቢል ምንም አይደለም። ለመያዝ የሚያስቸግር ከሆነ ግን ግንኙነቱ ላላ ያለ ነውና ንቀሉት፣ ሶኬቱንም አስጠግኑ። አንዱን ሶኬት ለሦስት የሚከፍሉ ማብዣዎች ለስልክ ቻርጀር የሚሆኑ ናቸው፤ ሁለት ማሞቂያ በአንድ ማብዣ ላይ አትሰኩ። ከዚህ የበለጠ ኃይል የሚፈልግ ሰው በኤሌክትሪሺያን ከባትሪው ቀጥታ የሚመጣ ወፍራም ገመድ ያስዘርጋ፤ ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ ይግባ። መኪናው የራሳችሁ ካልሆነ ደግሞ መጀመሪያ ባለቤቱን አስፈቅዱ።

ስለ ባትሪው አንድ ነገር ልጨምር። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፣ 12.2 ሲሆን በግማሽ ተጋምሷል። በባለ24 መኪና 25.2 እና 24.4 ማለት ነው። ከግማሽ በታች የሚወርድ የሞተር ማስነሻ ባትሪ ቶሎ ያረጃል፣ ሞተሪኖውም ጠዋት ላይ እምቢ ሊል ይችላል። ሶኬት ላይ የምትሰካ ትንሽ የቮልት ማሳያ ግዙ፤ ርካሽ ናት፣ ሁልጊዜም ትጠቅማለች። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4፣ በባለ24 ደግሞ ከ27.6 እስከ 28.8 አካባቢ ታሳያለች፤ ያኔ የምትጠቀሙት ዲናሞው የሚያመነጨውን ነው።

ስለዚህ ምግብ የሚሞቀው መኪናው መንገድ ላይ እያለ ነው። ቆሞ ለማሞቅ ብሎ ሞተሩን በሚኒሞ ማቆየት ግን ኪሳራ ነው፤ የከባድ መኪና ሞተር በሚኒሞ በሰዓት ወደ 3 ሊትር ነዳጅ ይጠጣል። ያንን ነዳጅ ከምግቡ ዋጋ ጋር አወዳድሩት።

2. ዕቃ በቅደም ተከተል ግዙ

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትግዙ። መጀመሪያ የሚገዛው ምንም ኤሌክትሪክ የማይፈልገው ነው፦ አፈ ሰፊ፣ ውስጡም ውጪውም ብረት የሆነ ባለ1 ሊትር ፔርሙዝ። የመስታወት ሆድ ያለው ፔርሙዝ ሙቀት ጥሩ ይይዛል፤ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ግን ይሰበራል።

ሁለተኛው የምሳ ማሞቂያ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ቦርሳ መሳይ፣ ዚፕ ያለው፣ ከሥሩ የሚሞቅ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ያለው ሲሆን ከ40 እስከ 100 ዋት ይስባል። ሌላው ጠንካራ ሳጥን ነው፤ ወደ 140 ዋት ይስባል፣ ውስጡም እስከ 150 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ቦርሳው የበሰለ ምግብ ለማሞቅ ብቻ ነው፤ ሳጥኑ ግን ጥሬውን ያበስላል። ፊውዛችሁ የሚፈቅድ ከሆነ ሳጥኑን ብትመርጡ እላለሁ።

ሦስተኛው ማቀዝቀዣ ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው የመኪና ማንቆርቆሪያ መጨረሻ ላይ ቢቆይ ይሻላል። ግማሽ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ለማድረስ 167 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ያስፈልጋል። 120 ዋት ማንቆርቆሪያ ምንም ሙቀት ባያባክን እንኳ 23 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በተግባር ከግማሽ ሰዓት ያልፋል። ባለ24 ቮልቱ 240 ዋት ከሆነ ጊዜው በግማሽ ያጥራል። የፈላ ውሃ ከየትም የማይገኝበት መንገድ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ይጠቅማችኋል፤ ክዳኑ የሚቆለፍ ይሁን፣ እየነዳችሁም አትንኩት። ካልሆነ ግን ከቤት ስትነሡ፣ ቁርስ ወይም ሻይ በቀመሳችሁበት ቤት ፔርሙዛችሁን የፈላ ውሃ ማስሞላት ከሁሉም ይቀላል።

ከነዚህ ሌላ፦ ክዳን ያላቸው የብረት ወይም የፎይል ሳህኖች፣ ስለት ያለው ቢላ ከነማኅደሩ፣ ትንሽ መክተፊያ፣ ማንኪያ፣ የቆርቆሮ መክፈቻ፣ እና የምግብ ቴርሞሜትር። ቴርሞሜትሩን ቅንጦት አታድርጉት፤ ሥጋው በስሏል ወይስ አልበሰለም የሚለውን ግምት የሚያስቀር እሱ ብቻ ነው።

3. በፔርሙዝ ማብሰል

ይህ ዘዴ ከሁሉ ርካሹ ስለሆነ በደንብ እንየው። ምግብ እንዲበስል ውሃው ሲንተከተክ መዋል የለበትም፤ ትኩስ ሆኖ ከቆየ ይበቃል። ጥሩ ፔርሙዝ ደግሞ ሙቀትን ለሰዓታት ይዞ ይቆያል።

ፔርሙዙን በፈላ ውሃ ሙሉና ክደኑት፣ 10 ደቂቃ ያህል ይቆይ። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ነው "አልበሰለልኝም" የሚለው፤ ቀዝቃዛው ብረት የመጀመሪያውን ሙቀት ይውጠዋልና። ያንን ውሃ ወደ ኩባያ ገልብጡት፣ ሻይ ይሆናል። ከዚያ እህሉን ጨምሩ፤ ከጠቅላላው ከሩብ አይብለጥ። አሁን የሚንተከተክ ውሃ እስከ አንገቱ ድረስ ሙሉበት። ከእህሉ ሦስት እጥፍ ውሃ መኖሩ ለሾርባነት ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱን ይዞ የሚቆየው ውሃው ስለሆነ ነው። ውሃው ሲያንስ እህሉ ያቀዘቅዘዋል። አየር እንዳይቀር ሙሉት፣ አጥብቃችሁ ክደኑ፣ አንዴ ገልበጥ ገልበጥ አድርጉትና በጃኬት ጠቅልላችሁ አጋድሙት። ቆሞ ከተቀመጠ እህሉ ከሥር ይረጋል፤ ሲጋደም ግን በእኩል ይበስላል።

ጊዜው እንደ ፔርሙዙ ጥራት ይለያያል፤ መነሻ እንዲሆናችሁ፦ አጃ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ትናንሽ መኮሮኒ 20 ደቂቃ፣ ነጭ ሩዝ 1 ሰዓት አካባቢ፣ የምስር ክክ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያደረ ድፍን ምስር ከ3 እስከ 4 ሰዓት። የተዘፈዘፈ እህል ቀዝቃዛ ስለሆነ ከመጨመራችሁ በፊት በትንሽ ሙቅ ውሃ አለቅልቁት። ካሮት፣ ሽንኩርትና ድንች ከሆነ በደቃቁ ይከተፍ። ጨውና ቅመም መጀመሪያ ላይ ይግባ፤ ዘይትና ቲማቲም ግን መጨረሻ ላይ፣ ቲማቲም የምስርን መለስለስ ያዘገያልና።

ጥሬ ሥጋና ጥሬ ቦሎቄ ፔርሙዝ ውስጥ አይገቡም። የሥጋው ምክንያት ግልጽ ነው። ቦሎቄ፣ በተለይ ቀዩ፣ ፋይቶሄማግሉቲኒን የሚባል የተፈጥሮ መርዝ አለው። ይህ መርዝ የሚጠፋው ቦሎቄው ቢያንስ 5 ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ ግማሽ ሰዓት ሲንተከተክ ነው። ለብ ባለ ሙቀት ለረጅም ሰዓት የቆየ ቦሎቄ ለስልሶ የበሰለ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ከጥሬው እንኳ ሊብስ ይችላል። ከበላችሁት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል፣ ያውም መሪ ይዛችሁ ሳለ። ቦሎቄ ከወደዳችሁ በቆርቆሮ የታሸገውን ተጠቀሙ፣ ወይም ቤት በደንብ ቀቅላችሁ ያዙ።

ፔርሙዙን ስትከፍቱ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ በታች ከወረደ ያኔውኑ ብሉት እንጂ ለማታ አታስቀምጡት።

4. እየነዱ ማሞቅና ማብሰል

የማሞቂያ ሳጥኑ ቦታ በተሳፋሪው ወገን ያለው ወለል ነው፤ ፍሬን ሲያዝ እንዳይንሸራተት በቀበቶ ወይም በላስቲክ ገመድ እሰሩት። አልጋ ላይ፣ በልብስ መሐል ወይም ወረቀት በተከመረበት ቦታ አይቀመጥ። ገመዱ ከፔዳሎቹ እንዲርቅ አድርጉ።

መጀመሪያ ሞተሩን አስነሡ፣ ከዚያ ሰኩት። መንገድ ላይ አትክፈቱት፤ የሚታየው በምትቆሙበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት "ቀጥሎ የምቆመው ከስንት ሰዓት በኋላ ነው?" ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁና ለዚያ ሰዓት የሚስማማውን ምግብ አስገቡ። ብዙዎች የሚስቱት ይህን ነው፤ የሚገባው ምግብ የሚመረጠው በሚቀረው ሰዓት እንጂ በአምሮት አይደለም።

ቀዝቅዞ የቆየ የበሰለ ምግብ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት፣ በረዶ የሆነ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይፈልጋል። ምግቡን በስሱ ዘርጉት፤ ቁመቱ ሦስት ጣት ከሆነ ጠርዙ ሲያርር መሐሉ ቀዝቃዛ ነው። ሁለት ሦስት ማንኪያ ውሃ ጨምሩና በፎይል አጥብቃችሁ ሸፍኑ፣ በእንፋሎቱ እኩል ይሞቃል። መረቅ የበዛበት ምግብ በዳገትና በቁልቁለት ይፈሳል፤ ግማሽ ሳህን ብቻ ሙሉ። መሐሉን በቴርሞሜትር ስትወጉት 74 ዲግሪ ካሳየ ለመብላት ደርሷል።

በጠንካራው ሳጥን ጥሬ ለማብሰል ከተነሣችሁ፣ ከአትክልት ጀምሩ። ድንች በስሱ ተቆርጦ ከሽንኩርት፣ ከካሮት፣ ከዘይትና ከጨው ጋር በፎይል ተሸፍኖ 2 ሰዓት አካባቢ ይበቃዋል። እንቁላል ተመትቶ ከሽንኩርትና ከቲማቲም ጋር ዘይት በተቀባ ሳህን ከ40 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት። አጥንት የሌለው የዶሮ ሥጋ በትናንሹ ተቆርጦ ከ2 ሰዓት እስከ 3፤ እዚህ ላይ ቴርሞሜትሩ ግዴታ ነው። በቦርሳው ዓይነት ግን ጥሬ ሥጋ በፍጹም አይሞከርም፤ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ሥጋው ተሕዋስያን በሚራቡበት ሙቀት ላይ ለሰዓታት ይቆያል።

ያልተከፈተ ቆርቆሮ አታሙቁ፤ ሊፈነዳ ይችላል። ሞተሩ ላይ በፎይል ጠቅልሎ ማብሰልም ብዙ ይወራለታል፣ እኔ ግን አልመክረውም። ከተንጠባጠበ ዘይትና ከጭስ መውጫው ሙቀት ጋር እሳት ሊያስነሣ ይችላል፣ የተፈታ ፎይልም የት እንደሚገባ አይታወቅም።

5. ማቀዝቀዝ

ምግብ የሚበላሸው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መሐል ነው። በዚህ ሙቀት ላይ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ የበሰለ ምግብ ይጣላል፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ 1 ሰዓት ብቻ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ ጋቢና ከዚህ በጣም እንደሚበልጥ አታጡትም። በተለይ የበሰለ ሩዝን ተጠንቀቁ። ባሲለስ ሴሬየስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘሩ ሲቀቀል አይሞትም፤ ሩዙ ሙቅ ቦታ ሲያድር ይራባል፣ የሚተወውንም መርዝ እንደገና ማሞቅ አያጠፋውም። "አሙቄ እበላዋለሁ" የሚለው እዚህ ላይ አይሠራም።

ከሁሉ ርካሹ ጥሩ ክዳን ያለው የበረዶ ሳጥን ነው። ቤት የበሰለውን ምግብ በስስ ከረጢት አድርጋችሁ፣ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ በረዶ አድርጉት፤ ራሱ ምግቡ በረዶ ሆኖ ሳጥኑን ያቀዘቅዛል፣ ሲቀልጥም በተራው ይበላል። መጨረሻ የሚበላው ከሥር፣ ዛሬ የሚበላው ከላይ ይደርደር። ከተደቀቀ በረዶ ይልቅ በውሃ ጠርሙስ የተጋገረ ትልቅ በረዶ በጣም ቀስ ብሎ ይቀልጣል፣ ሲቀልጥም የመጠጥ ውሃ ነው። ቀኑን ሙሉ የምትጠጡትን ውሃ ግን ሌላ ቦታ አድርጉ፤ ሳጥኑ በተከፈተ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል። ጥሬ ሥጋ ካለ በሁለት ከረጢት ታሽጎ ከሁሉም በታች ይሁን።

የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ ስትገዙ ዋጋው አያታልላችሁ። ርካሹ ኮምፕረሰር የሌለው ነው፤ በፔልቲየር ሰሌዳ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት አንዱ ጎኑ በሚቀዘቅዝ ሰሌዳ የሚሠራ። ከአካባቢው አየር ወደ 20 ዲግሪ ያህል ዝቅ ያደርጋል፣ ከዚያ አያልፍም። ጋቢናው 38 ከሆነ ውስጡ 18 ነው፤ መጠጥ ያበርዳል፣ ሥጋ ግን ያበላሻል። ደግሞም ያለ ዕረፍት 50 ዋት አካባቢ ይስባል፤ በ10 ሰዓት ሌሊት 500 ዋት-ሰዓት ከባትሪው ይወስዳል። ኮምፕረሰር ያለው ሲሠራ ተመሳሳይ ዋት ቢስብም እየቆመ እየተነሣ ስለሚሠራ፣ አንድ ሦስተኛውን ጊዜ ብቻ ቢሠራ 170 አካባቢ ነው የሚወስደው። ባትሪው ሲወርድ ራሱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ያለው መሆኑን አረጋግጡ። ገንዘቡ ለኮምፕረሰሩ እስኪበቃ ድረስ በበረዶ ሳጥን መቆየት በመሐል ርካሹን ከመግዛት ይሻላል።

6. ሙቀት የማይፈልግ ምግብ

ሁልጊዜ ትኩስ መሆን የለበትም። አጃ ማታ ከዱቄት ወተትና ከዘቢብ ጋር ይደባለቅና ጠዋት ውሃ ይጨመርበት፤ በግማሽ ሰዓት ይለሰልሳል። የታሸገ ቱና ወይም ሽምብራ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ሎሚና ዳቦ ሙሉ ምሳ ነው። የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ሙዝ፣ ማር፣ ጠንካራ አይብ፣ ካሮት፣ ብርቱካን፣ ጥቅል ጎመን ያለ ማቀዝቀዣ ይቆያሉ። ድንችና ሽንኩርት በአንድ ከረጢት አይቀመጡ፣ አብረው ሲሆኑ ቶሎ ይበላሻሉ። የተከፈተ ቆርቆሮ ያኔውኑ ካላለቀ ወደ ሌላ ዕቃ ተገልብጦ በረዶ ውስጥ ይግባ። ያበጠ ቆርቆሮ ሳይቀመስ ይጣል።

አንድ የድንገተኛ ከረጢት ለብቻው ይኑር፦ ለሁለት ቀን የሚበቃ ብስኩት፣ ኦቾሎኒ፣ ቱናና ውሃ። መንገድ ሲዘጋ ወይም መኪና ሲበላሽ እንጂ በሌላ ቀን አይነካ።

7. ግዢና ሂሳብ

ጉዞው ስንት ቀን እንደሚፈጅ ቁጠሩና ምግቡን በቀን ሳይሆን በቁጥር ጻፉ፦ ስንት ቁርስ፣ ስንት ምሳ፣ ስንት ራት። ዝርዝሩን ይዛችሁ ከመነሣታችሁ በፊት ግዙ፤ ዋና መንገድ ዳር የሚሸጥ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ይወደዳል። ትልቁ ማሸጊያ ሁልጊዜ ርካሽ ነው ብላችሁ አትመኑ፣ ዋጋውን ለኪሎ አካፍላችሁ አስሉ። ምስር፣ አጃ፣ ሩዝና እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ ከሥጋ ይልቅ ሆድ የሚሞሉበት ዋጋ ዝቅተኛ ነው። ውሃ በጀሪካን ይያዝ፤ በየጠርሙሱ የሚገዛ ውሃ ሳይታወቅ ብዙ ያስወጣል።

ምግብ ቤትን ጨርሳችሁ ተዉ አልልም። ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ መብላት ለብቸኛ ሥራ ትልቅ ነገር ነው። ግን በረሃብ ተገፍቶ ሳይሆን ተመርጦ ይሁን፦ የት፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ብር እንደሚሆን ቀድሞ የታወቀ።

8. ቀኑ እንዴት ይሄዳል

ማታ ስትቆሙ የነገውን አስቡ፦ አጃው ይደባለቅ፣ ምስሩ ይዘፍዘፍ፣ ለምሳ የሚሆነው በረዶ ከሥር ወደ ላይ ይምጣ። ጠዋት ውሃ ሲፈላ ሻይውም ፔርሙዙም በአንድ ጊዜ ይሞላሉ። ረፋድ ላይ ስትቆሙ የምሳውን ሳህን ሳጥን ውስጥ አስገቡና ሰኩት። ምሳ ሰዓት ስትደርሱ ትኩስ ነው። የራቱ ሳህን ከምሳ በኋላ በመጨረሻዎቹ ሁለት የመንዳት ሰዓታት ይሞቃል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ምግቡ ደርሷል፣ ባትሪውም አልተነካም።

ምሳው ከባድ አይሁን። ከቀትር በኋላ ያለው ሰዓት ሰውነት በተፈጥሮው የሚደክምበት ነው፤ ቅባትና ብዙ ሩዝ ሲጨመርበት ዓይን ይከደናል። ትልቁ ማዕድ ለማታ ይሁን።

9. ጋዝ ምድጃ የምትጠቀሙ ከሆነ

ጋቢና ውስጥ በፍጹም አይለኮስ፣ መስኮት ቢከፈትም። ከእሳቱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰውን እንደተኛ የሚያስቀር ጋዝ ነው። ከሰልም እንዲሁ። ውጪ፣ ከነፋስ ተከልሎ፣ ከነዳጅ ጋኑና ከደረቅ ሣር ርቆ ይቀጣጠል። ነዳጅ ወይም ሌላ ተቀጣጣይ ነገር የጫነ ሹፌር ግን ምድጃውን ቤት ይተወው፤ ማሞቂያውንም ከመሰካቱ በፊት የጭነቱን ደንብ ይጠይቅ። በብርድ አገር የምትሠሩ ደግሞ የቡቴን ጣሳ ከዜሮ ዲግሪ በታች አይሠራም፣ ቡቴን በዚያ ብርድ ወደ ጋዝ ሳይለወጥ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራልና፤ ፕሮፔን የተቀላቀለበትን ፈልጉ።

10. እጥበትና መጀመሪያው ጉዞ

ሳህኑን በፎይል ወይም በመጋገሪያ ወረቀት አልብሱት፣ የሚታጠብ ነገር ይቀንሳል። ከበላችሁ በኋላ ወዲያው በወረቀት ጠርጉት፤ የደረቀ ምግብ ብዙ ውሃ ይጨርሳል። ፔርሙዙ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አድሮ ሲለቀለቅ ሽታ አይዝም፤ ሲቀመጥ ክዳኑ ክፍት ይሁን። እጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና ከመጠጡ ለይታችሁ በትንሽ ጀሪካን ያዙ፤ ናፍጣ የነካ እጅ ምግብ አይንካ።

በመጀመሪያው ጉዞ ፔርሙዝ ብቻ ይዛችሁ ውጡ፤ ቁርስን ከራሳችሁ ብሉ፣ ሌላውን እንደለመዳችሁ። የወጣውን ሁሉ በየቀኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። በሁለተኛው ጉዞ ማሞቂያውን ጨምሩና ምሳን ያዙ። ከዚያ መዝገቡን አውጥታችሁ ሁለቱን ጉዞዎች አስተያዩ፤ የተረፈው ገንዘብ በስንት ጉዞ ኮምፕረሰር ማቀዝቀዣ እንደሚገዛ ያኔ በቁጥር ታዩታላችሁ፣ መግዛት አለመግዛታችሁንም በዚያ ወስኑ።